ነዳጅ የሚበላው መኪናው ነው ወይስ አነዳዱ? የአንድ አሮጌ ኤስዩቪ የጉዳይ ጥናት

አሮጌ መኪና ነዳጅ ሲበዛበት ሁለት ምክሮች ወዲያው ይመጣሉ። አንዱ «ዕድሜው ነው፣ ሽጠው» ይላል። ሌላው «ቀስ ብለህ ንዳ» ይላል። እዚህ የምተርከው ጉዳይ ሁለቱም ለብቻቸው ለምን እንደማይበቁ በደንብ ያሳያል። ችግሩ ከፊሉ የመኪናው፣ ከፊሉ የአነዳዱ፣ ጥቂቱ ደግሞ የሒሳቡ ነበር። ውጤቱን ያመጣው የትኛው መቅደም እንዳለበት መለየቱ ነው። የሰዎቹን ማንነት አልጠቅስም።

## መኪናውና ሰዎቹ

መኪናው በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ አነስተኛ ኤስዩቪ ነው። ባለ 2.0 ሊትር የቤንዚን ሞተር አለው። ካምቢዮው ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ነው። አራቱም ጎማዎች ሁልጊዜ ይጎትታሉ። በ1990ዎቹ የቶዮታው ራቭ ፎርና የሆንዳው ሲአርቪ ገበያ ላይ ከዋሉ ወዲህ ይህ ዓይነት መኪና በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ተወዷል፤ የተወደደበትም ምክንያት አለው። ከፍ ያለ ነው፣ ሰፊ ነው፣ መጥፎ መንገድ ይችላል።

ዋጋው ግን ነዳጅ ላይ ይታያል። ቁመቱ ብዙ አየር ይገፋል። የአራት ጎማ ጉተታው ተጨማሪ ዘንጎችና ጥርሶች ያዞራል። ባለ 4 ማርሹ ካምቢዮም እንደ አዲሶቹ ባለ 6 እና ባለ 8 ማርሾች ረጅም መንገድ ላይ ሞተሩን አያሳርፈውም። ስለዚህ በሙሉ ጤናው እንኳ ከትንሽ የቤት መኪና በላይ ይበላል። ይህን ከመጀመሪያው መቀበል ያስፈልጋል። ከ20 ዓመት መኪና የአዲስ ሃይብሪድ ቁጥር የሚጠብቅ ሰው፣ ምንም ቢሠራ ማዘኑ አይቀርም።

የሚነዱት ሁለት ሰዎች ናቸው። አባትየው ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የተጠጋ፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያሽከረከሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሥራ ከያዘች ብዙም አልቆየችም። በየተራ ይነዳሉ። ነዳጁ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ ቤት ውስጥ ክርክር ተነሳ። እሷ «አባዬ፣ አነዳድህ ነው» ትላለች። እሳቸው ደግሞ «ልጄ፣ መኪናው አርጅቷል፣ እኔ ምን ላድርገው» ይላሉ።

እኔ የገባሁት ልጅቷ የነዳጅ መዝገቧን ይዛ ምክር ስትጠይቀኝ ነው። ጥገናውን የሠራው ሌላ መካኒክ ነው። የእኔ ድርሻ መለካቱና ቅደም ተከተሉን ማውጣቱ ነበር።

## ችግሩ በቁጥር

መዝገቡ በጥንቃቄ የተያዘ ነበር። በየጊዜው ታንኩ እስኪሞላ ይቀዳል። የተቀዳው ሊትርና ኪሎ ሜትሩ ይጻፋል። በዚህ ስሌት መኪናው በሊትር ከ7 ኪሎ ሜትር በታች ነበር የሚሄደው። ከተማና ረጅም መንገድ ተደባልቆ ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነት መኪና እንኳ ይህ ብዙ ነዳጅ መብላት ነው።

ሦስት ምልክቶች ደግሞ ነበሩ። የመጀመሪያው፣ አባትየው እንደ መልካም ነገር የነገሩኝ ነው፦ «ሞተሩ በጭራሽ አይሞቅም፤ ዳገት ብወጣ እንኳ መርፌው ከታች አይነሳም።» ሁለተኛው፣ መኪናው ረጅም መንገድ ላይ ይጮሃል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሞተሩ ዙር ከ3,000 አይወርድም። ሦስተኛው፣ የዘይት መለኪያ ዘንጉ ሲሸተት ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

ከእኔ በፊት የተሰጣቸው ምክር ካንዴላና ኦክስጅን ሴንሰር (የጭሱን ኦክስጅን ለኮምፒውተሩ የሚለካውን) መቀየር ነበር። ካንዴላው ተቀይሮ ለውጥ አልመጣም። ሴንሰሩ ሊገዛ ሲል ነው ቆይ ያልኩት።

## መጀመሪያ መለኪያው ይለካ

ምንም ከመነካቱ በፊት ያየሁት ጎማዎቹን ነው። በሹፌሩ በር ፍሬም ላይ ያለው ተለጣፊ የጎማውን መጠን 215/70 አር 16 ይላል። የተገጠሙት 225/75 አር 16 ነበሩ። የቀድሞው ባለቤት መኪናውን ከፍ ለማድረግ የገጠማቸው ናቸው።

ልዩነቱ በዓይን ብዙም አያስታውቅም። ሲሰላ ግን የፋብሪካው ጎማ ቁመት ወደ 707 ሚሊ ሜትር፣ የተገጠመው ወደ 744 ሚሊ ሜትር ነው። በመቶኛ ከ5 ትንሽ ከፍ ይላል። የዳሽቦርዱ ቆጣሪ የሚቆጥረው የጎማ ዙር ስለሆነ፣ መኪናው 105 ኪሎ ሜትር ሲሄድ እሱ 100 ብቻ ይጽፋል። በስልክ ጂፒኤስ ሲመሳከር ይኸው ተረጋገጠ። እናም መዝገቡ መኪናውን ከእውነቱ በላይ ይወቅሰው ነበር። እርማቱ ሲገባ ቁጥሩ በሊትር ወደ 7 ኪሎ ሜትር ከፍ አለ።

ይህ ሒሳብ አንድ ጠብታ ነዳጅ አያድንም። ነገር ግን ያለ እሱ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሁሉ በተሳሳተ ሚዛን ይመዘን ነበር። የፍጥነት መለኪያውም በዚያው መጠን ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ይህ የደኅንነት ጉዳይም ስለሆነ ለሁለቱም አጥብቄ ነግሬያቸዋለሁ።

## ሌባው የተገኘበት ቦታ

ቀጥሎ መኪናው በኮምፒውተር ተመረመረ። የስህተት ኮድ አልነበረም፤ የሞተር መብራትም አልበራም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መብራት ስላልበራ ጤነኛ ነው ይባላል። የዚያ ዘመን መኪኖች ብዙ ነገር እያዩ ዝም ይላሉ። መታየት ያለበት ሞተሩ እየሠራ የሚመጣው የቀጥታ ንባብ ነው።

ንባቡ ግልጽ ነበር። ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላ የሞተሩ ውኃ ሙቀት 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይንከላወሳል። ጤነኛ ሞተር ከ80 እስከ 95 ባለው ውስጥ ይቀመጣል። መካኒኩ የውኃውን መውጫ ሲፈታ የቴርሞስታቱ ቦታ ባዶ ነበር። ተነቅሎ ተጥሏል።

ታሪኩን ስንከታተለው ይህ ነው። መኪናው ከዓመታት በፊት ያፈላ ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው መካኒክ ቴርሞስታቱን አወጣው። ማፍላቱም ቆመ። ሁሉም ደስ አለው። አሠራሩ በጣም የተለመደ ስለሆነ ማንም አልጠየቀም።

ቴርሞስታት ትንሽ በር ናት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተዘግታ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ ታደርጋለች፤ ሲሞቅ ትከፈታለች። እሷ ከሌለች ውኃው ሁልጊዜ ይዞራል፤ ሞተሩም ወደ ሥራ ሙቀቱ አይደርስም። ከዚያ የሚከተለው ነገር ነው ነዳጁን የሚበላው። የመኪናው ኮምፒውተር ሞተሩ ገና እየተነሳ ነው ብሎ ያምናል፤ ቤንዚን ያበዛለታል። የበዛው ቤንዚን ሁሉ አይቃጠልም። ከፊሉ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ የዘይቱ ሽታ ከዚህ የመጣ ነው። ቀዝቃዛ ዘይት ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ሰበቃውን ያበዛል።

በአውቶማቲክ መኪና ላይ አራተኛ ጉዳት አለ፤ ብዙ ጊዜም አይነሳም። የብዙ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ኮምፒውተር ሞተሩ በቂ ሙቀት ሳያገኝ የመጨረሻውን ማርሽ፣ ወይም ሞተሩንና ካምቢዮውን አጥብቆ የሚያያይዘውን ቁልፍ አይፈቅድም። ረጅም መንገድ ላይ የነበረው ጩኸት መልስ አገኘ። ባለመኪናው የእርጅና ድምፅ ነው ብለው የለመዱት ነገር፣ ካምቢዮው ሞተሩ እስኪሞቅ ሲጠብቅ ነበር።

## ጥገናው

ቴርሞስታቱን ገዝቶ መልሶ መግጠም ቀላል ይመስላል። ቢደረግ ግን መኪናው እንደገና ያፈላ ነበር። መጀመሪያ የተነቀለበት ምክንያት አልተፈታማ። ስለዚህ ማፍላቱ ከምን እንደመጣ ይታይ አልኩ። መካኒኩ ራዲያተሩን ሲያወርደው ከውስጥ በዝገትና በጭቃ ግማሽ በግማሽ ተደፍኗል። ለዓመታት ባዶ ውኃ ሲጨመርበት ስለኖረ ነው። የራዲያተሩ ክዳንም ግፊት መያዝ አቁሟል።

ራዲያተሩ ታጠበ። ክዳኑ ተቀየረ። ቬንቲሌተሩ በሰዓቱ መነሳቱ ተረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ነው በፋብሪካው ዲግሪ ልክ የሆነ ቴርሞስታት የገባው፤ ከትክክለኛ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጋር። ቤንዚን የገባበት ዘይትም ወዲያው ተቀየረ።

ለውጡ ሳይውል ሳያድር ታየ። መርፌው መሃል ቆመ። አባትየው መጀመሪያ ደነገጡ፤ «ሊያፈላ ነው» ብለው ደወሉልኝ። የመርፌው ትክክለኛ ቦታ ይህ መሆኑን ለማሳመን ጊዜ ወስዷል። ረጅም መንገድ ላይ የሞተሩ ዙር ረገበ። ከጥቂት ታንክ በኋላ ቁጥሩ በሊትር ወደ 8 ተጠጋ። ኦክስጅን ሴንሰሩም ሙቀቱ ሲስተካከል በትክክል እንደሚሠራ ታየ። ባለመኪናው በግምት ሊገዙት የነበረ ዕቃ ሳይገዛ ቀረ።

ሁለተኛው ጥገና ከኋላ የቀኝ ጎማ ላይ ነው። ከጉዞ በኋላ እጅ ሲጠጋ የዚያ ቸርኬ ከሌሎቹ ይሞቃል። የፍሬኑ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) መንሸራተቻ ፒኖች ዝገው ሸራው ዲስኩን ሁልጊዜ ይነካ ነበር። ፒኖቹ ተጠርገው ተቀቡ። ትርፉ እንደ ቴርሞስታቱ ትልቅ አልነበረም፤ መኪናው ግን እግር ከነዳጅ ሲነሳ በነፃነት መንከባለል ጀመረ። ቀጥሎ ለመጣው የአነዳድ ለውጥ ይህ ወሳኝ ነው። ፍሬኑ የያዘውን መኪና አስቀድሞ እግር አንስቶ ማንከባለል አይቻልም።

የጎማው ንፋስ ከተለጣፊው በታች ነበር፤ ተስተካከለ። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር መረጃ እንደሚለው፣ የአራቱ ጎማ አማካይ ንፋስ በ1 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) በቀነሰ ቁጥር ነዳጁ በ0.2 በመቶ ገደማ ይባክናል። ትንሽ ናት፤ ነፃ ስለሆነች ግን መተው አያስፈልግም።

## አነዳዱ

መኪናው ከተስተካከለ በኋላም በሁለቱ መካከል ልዩነት ቀረ። በተመሳሳይ መንገድ የልጅቷ ታንክ ሁልጊዜ ርቆ ይሄዳል። ስለዚህ ከአባትየው ጋር አብሬ ተቀመጥኩ።

ጎበዝ ሹፌር ናቸው። ችግሩ አንድ ልማድ ነው፤ ከፊታቸው ክፍት ቦታ ካዩ ለመሙላት ይፈጥናሉ፤ ከዚያ ፍሬን ይይዛሉ። ቀዩ መብራት ከሩቅ እየታየ እስከ መጨረሻው ነዳጅ ይሰጣሉ። ከአንድ ቶን በላይ የሆነ ብረት ለማፍጠን የተቃጠለው ቤንዚን፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ዲስኩ ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። የሚገርመው ከቀስተኛው ሹፌር ብዙም አይቀድሙም ነበር፤ ቀጣዩ መብራት ላይ አብረው ይቆማሉ።

«ቀስ ብለው ይንዱ» ማለት አልሠራም። ልጅቷ ደጋግማ ብላዋለች። ለዕድሜ ልክ ሹፌር ስድብ ይመስላል። የሠራው ሌላ ጥያቄ ነው፦ «ፍጥነትዎን እርስዎ ይምረጡ፤ ፍሬን ግን በተቻለ መጠን ሳይነኩ ይድረሱ።» ይህ የችሎታ ጉዳይ ሆነላቸው። ፍሬን ላለመያዝ ርቀው ማየት ጀመሩ። ከፊት ካለው መኪና ራቅ አሉ። ከመብራቱ ብዙ ቀድመው እግራቸውን አነሱ።

እዚህ ላይ ጠቃሚ ነገር አለ። ቤንዚን በኢንጀክተር (ኮምፒውተር በሚቆጣጠረው መርጫ) በሚገባበት መኪና፣ ማርሽ ላይ እያለ እግር ከነዳጅ ሲነሳና የሞተሩ ዙር ከሚኒሞ (ቆሞ ሲሠራ ካለው ዝቅተኛ ዙር) በላይ ሲሆን ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ጨርሶ ይዘጋዋል። በዚያን ሰዓት ሞተሩን የሚያዞረው የመኪናው መንከባለል ነው። አባትየው ግን ቁልቁለት ላይ ፎሌ ያደርጉ (ማርሹን ያወጡ) ነበር፤ ይቆጥባል ብለው። በፎሌ ጊዜ ሞተሩ እንዳይጠፋ ለሚኒሞው ቤንዚን ይጠጣል። ከዚያም በላይ መኪናውን የሚይዘው ሞተር ስለሌለ ፍሬኑ ብቻውን ይለፋል፤ ይግላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ የጋለ ፍሬን እምቢ ሊል ይችላል። ይህን ልማድ እንዲተው አጥብቄ ነው የጠየቅኩት። የነዳጁ ነገር ቢቀር እንኳ ለሕይወት አደጋ ነው።

ረጅም መንገድ ላይ ፍጥነቱን ከ110 ወደ 90 ዝቅ እንዲያደርጉ ተስማማን። መኪናውን የሚይዘው የአየር ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በካሬ ያድጋል። በ110 ያለው የአየር ኃይል በ90 ካለው በግማሽ ያህል ይበልጣል። ለዚህ ዓይነት ቁመተ ረጅም መኪና ይህ ትልቅ ነው። ጣሪያው ላይ ለዓመታት ባዶውን የኖረው የዕቃ መጫኛም ወረደ፤ ሲያስፈልግ በጥቂት ብሎን ይመለሳል።

ጠዋት ሞተሩን አስነስቶ ረጅም ጊዜ ማሞቅም ቀረ። ባለ 2.0 ሊትር ሞተር ቆሞ በሰዓት ወደ 1 ሊትር ይጠጣል፤ ኤሲ ካለ ይጨምራል። ዘይቱ እስኪደርስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ ከዚያ ረጋ ብሎ መሄዱ ሞተሩን ቶሎ ያሞቀዋል። ልጅቷ ደግሞ የተበታተኑ አጫጭር ጉዳዮችን በአንድ ዙር ማድረግ ጀመረች። ቀዝቃዛ ሞተር አራት ጊዜ ከማስነሳት አንዴ የሞቀውን ማስኬድ ይሻላል።

በስተመጨረሻ መዝገቡ በሊትር 9 ኪሎ ሜትር አካባቢ ረጋ። በአባትየውና በልጅቷ መካከል የነበረው ልዩነትም በጣም ጠበበ።

## ያልሠሩት

የአየር ፊልትሮው ቆሻሻ ነበርና ተቀየረ። ነዳጁ ላይ የሚታይ ለውጥ አላመጣም። በኢንጀክተር መኪና ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ኮምፒውተሩ በገባው አየር ልክ ቤንዚን ስለሚመጥን የታፈነ ፊልትሮ የሚጎዳው ጉልበቱን ነው። በካርቡሬተር (ያለ ኮምፒውተር አየርና ቤንዚን የሚያደባልቅ የድሮ መሣሪያ) ዘመን ታሪኩ ሌላ ነበር፤ ምክሩ ከዚያ ቀርቶ ነው። ለሞተሩ ጤና መቀየሩ አይቀርም።

ታንክ ውስጥ የሚጨመረው «ነዳጅ ቆጣቢ» ፈሳሽም ምንም አላደረገም። ኦክቴኑ (ያለ ጊዜው እንዳይቀጣጠል የመቋቋም አቅሙ) ከፍ ያለ ቤንዚንም እንዲሁ። ከፍተኛ ኦክቴን ለሚጠይቅ ሞተር ነው የተሠራው፤ ይህ ሞተር አይጠይቅም።

አባትየው ንፋሱን ጎማው ጎን ላይ እስከተጻፈው ቁጥር ድረስ ሞልተውት ነበር። ያ ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው። መኪናው መንጠር ጀመረ፤ ዝናብ ላይም መያዣው ቀነሰ። ወደ በሩ ተለጣፊ ተመለስን።

ሌላው ደካማ ነጥብ ጊዜ ነው። ልጅቷ መዝገቡን ለተወሰነ ጊዜ ስታቋርጥ ቁጥሩ ትንሽ ወደ ታች ተንሸራተተ። መዝገቡ ሲመለስ አብሮ ተመለሰ። ቁጥሩን የሚያየው ሰው ሲኖር አነዳዱም ይጠነቀቃል።

## ለሌላ መኪና የሚተርፈው

ቅደም ተከተሉ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። መጀመሪያ መለኪያው፣ ቀጥሎ መኪናው፣ መጨረሻ አነዳዱ። ተገልብጦ ቢሆን አባትየው ለወራት በትዕግሥት ነድተው፣ ሞተሩ በ60 ዲግሪ እየሠራ፣ ትርፉ ስለማይታያቸው ተስፋ ይቆርጡ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ጥቂት ታንክ መጠበቅም እንዲሁ ነው። አምስት ነገር አንድ ቀን ላይ የሚቀይር ሰው የትኛው እንደሠራለት አያውቅም፤ በሚቀጥለው ጊዜም አምስቱን ይከፍላል።

አሮጌ ኤስዩቪ ያለው ሰው ነገ ጠዋት ሊያያቸው የሚችሉ ሦስት ነገሮች አሉ። ከረጅም ጉዞ በኋላ የሙቀት መርፌው የት ይቆማል? ከአራቱ ቸርኬዎች ተለይቶ የሚሞቅ አለ? የጎማው ቁጥር ከበሩ ተለጣፊ ጋር ይገጥማል? ሦስቱም መሣሪያ አይጠይቁም። ቸርኬውን ግን ሳይነኩ እጅን ብቻ ያስጠጉ፤ ሊያቃጥል ይችላል። ቴርሞስታት የለም ከተባሉ ደግሞ ለምን እንደወጣ ሳያጣሩ አያስገቡ።

የዚህ መኪና ጎማዎች ገና ዕድሜ ስላላቸው አልተቀየሩም። እስኪያልቁ ድረስ ልጅቷ በመዝገቧ ላይ ኪሎ ሜትሩን በ1.05 ታባዛለች። ሲያልቁ አራቱም አንድ ላይ፣ በተለጣፊው መጠን ይገዛሉ። በአራት ጎማ የሚጎትት መኪና ላይ ሁለት ትልቅ፣ ሁለት ትንሽ ከሆነ የመሃሉ ዲፈረንሻል (ለፊትና ለኋላ ጎማዎች ጉልበት የሚያካፍለው ክፍል) ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይውላል፤ እሱ ከተበላ ደግሞ የተቆጠበው ነዳጅ ሁሉ ጥገናውን አይሸፍነውም።